የጸሐፊ ዓይንና የገዛ ጽሑፉ

ጽፎ ከፈጸሙ በኋላ መልሶ ማረም ብዙዎች የሚሸሹት ሥራ ነው። ይህም ዘወትር ከስንፍና የሚመነጭ አይደለም። ጸሐፊው ሊል ያሰበውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ዓይኑ የሚያነበው በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሳይሆን በልቡ ያለውን ነው፤ የጎደለውን ፊደል ሳያስተውል ሞልቶ ያልፋል። ስሕተት ስለማይታየውም እርማቱ ከንቱ ድካም መስሎ ይሰለቸዋል።

የቀድሞ ሊቃውንት መፍትሔው ሁለተኛ ሰው እንደሆነ ያውቁ ነበር። በብራና የተገለበጠ መጽሐፍ ከዋናው ጋር እየተነበበ ይታረም፣ ስሕተቱም ይፋቅ ነበር። ከሸዋ ሊቃውንት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታርሞና ሰፍቶ፣ ከእርሳቸውም ዕረፍት በኋላ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ታትሟል።

የትምህርት ቤት ጽሑፍም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል። በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር አንድ መምህር «ትክክል ያልሆነውን ምረጡ» ሊል አስቦ «ትክክል የሆነውን ምረጡ» ብሎ ቢያባዛ፣ ትምህርቱን የሚያውቀው ተማሪ ሦስት መልስ አግኝቶ ይዋልላል፤ በመምህሩ ስሕተትም ነጥብ ያጣል።

ስለሆነም የፈተና ወረቀት ከመባዛቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሮ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ከዚያም ባልደረባ እንደ ተማሪ ሆኖ እንዲሠራው መስጠት ይገባል። የዕቅድ ባለሙያዎችም ለዚሁ ተግባር በሥራ ሰሌዳው ላይ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል፤ ጊዜ ያልተመደበለት እርማት በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራልና።