ብላክ ሆል፦ ከዓይን ቀድሞ ስሌት የደረሰበት

ከሞጣ እስከ ብቸና ባሉ አድባራት የበዓላት ማውጫ ስሌት የሆነውን ባሕረ ሐሳብ ያጠና ሰው የመጪውን ፋሲካ ለማወቅ ጨረቃ እስክትወጣ አይጠብቅም። ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ ከቀሪው አንድ ይቀንስና ወንበሩን ያገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ የፋሲካው ስሌት መነሻ የሆነው አበቅቴ ይወጣል። ብላክ ሆልም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስሌቱ ከዓይን በአንድ ምዕተ ዓመት ቀደመ።

ብላክ ሆል ብርሃን እንኳ የማያመልጥበት የሕዋ ክልል ሲሆን ድንበሩ አድማስ ይባላል። አልበርት አይንስታይን በ1915 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የጄኔራል ሪላቲቪቲ ንድፈ ሐሳብ፣ ስበት ማለት ቁስ አካል የሕዋንና የጊዜን ቅርጽ ማጉበጡ ነው። ካርል ሽዋርዝሺልድ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ በሩሲያ ግንባር ዘምቶ ሳለ፣ በማይሽከረከር ክብ አካል ዙሪያ ያለውን ሕዋ የሚገልጸውን የመጀመሪያውን ትክክለኛ መፍትሔ አገኘ። መፍትሔው በ1916 ታተመ፤ እሱም በዚያው ዓመት በሕመም አረፈ።

የአድማሱን ራዲየስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። የስበት ቋሚውን በአካሉ መጠነ ቁስ አባዝቶ እጥፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ለብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ያካፍለዋል። ለፀሐይ ሲሰላ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለምድር 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። 700,000 ኪሎ ሜትር ግድም ራዲየስ ያላት ፀሐይ በ3 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ ብትታጨቅ ብላክ ሆል ትሆናለች ማለት ነው። የኒውተን ሕግም ይህንኑ ቁጥር ይሰጣል፤ ትርጉሙ ግን ይለያል። በኒውተን ስሌት ብርሃኑ ወጥቶ ተመልሶ ይወድቃል። በአይንስታይን ግን አድማሱ ከታለፈ በኋላ መንገዱ ሁሉ ወደ ውስጥ ብቻ ነው።

ሽዋርዝሺልድ ያገኘው ቀመር አድማሱ ላይ ሲደርስ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል። ይህም ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስቸገረ። ቤልጂጋዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1933 ችግሩ ከሕዋው ሳይሆን ከተመረጠው የመለኪያ ሥርዓት እንደሚመነጭ አሳየ። መለኪያው ሲቀየር እንከኑ ይጠፋል። በብላክ ሆሉ መካከል ያለው እንከን ግን እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ጉብጠቱ ራሱ ያለ ገደብ ስለሚያድግ የትኛውም መለኪያ አያድነውም።

ኒውዚላንዳዊው ሮይ ኬር በ1963 ለሚሽከረከረው ብላክ ሆል መፍትሔ አገኘ። እንግሊዛዊው ሮጀር ፔንሮዝ ደግሞ በ1965 አካል ከተወሰነ ደረጃ በላይ ከተደረመሰ በመካከሉ ያ እንከን መፈጠሩ እንደማይቀር በሒሳብ አረጋገጠ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ትውልደ ሕንዳዊው ሱብራማኒያን ቻንድራሴካር በ1983 ይህን ሁሉ ሒሳብ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ አቀረበ። ከኮከብ የተረፈው ብላክ ሆል ምንም ያህል ውስብስብ ታሪክ ቢኖረው፣ መጨረሻ ላይ መጠነ ቁሱ፣ መሽከርከሩና የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ብቻ ይገልጹታል።

ምስክሩ ከሰማይ መጣ። በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲጎብጥ ተለካ። በ2015 እ.ኤ.አ. የሁለት ብላክ ሆሎች ውሕደት የፈጠረው የስበት ሞገድ ተመዘገበ። በ2019 ደግሞ በኤም 87 ጋላክሲ እምብርት ያለው፣ መጠነ ቁሱ 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን የሚያህለው ብላክ ሆል ጥላ ፎቶ ይፋ ሆነ። ከላይ ባየነው የአድማስ ስሌት መሠረት አድማሱ 19 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ራዲየስ አለው፤ የጥላው መጠንም ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ተስማማ።

በብላክ ሆል መካከል ያለውን ምሥጢር የሚፈታው፣ ስበትንና የኳንተም ሕግን የሚያስማማ ሒሳብ ገና አልተገኘም። በእንጦጦ ተራራ ያሉትን የመሰሉ ቴሌስኮፖች ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ይህ ሒሳብ ግን ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃዋል። ስለዚህ የብቸናና የሞጣ የፊዚክስ መምህራን ያችን የ3 ኪሎ ሜትር ስሌት ከተማሪዎቻቸው ጋር በሰሌዳ ላይ ቢሠሩ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ክፍት ወደ ሆነው ጥያቄ የሚያደርሰውን የመጀመሪያ እርምጃ አስይዘዋቸዋል ማለት ነው።