የውፍረት ሁሉ ምክንያቱ ሆዳምነት ነውን?

በአገራችን ልማድ ብዙ ጊዜ የተለየን ዘመድ ያገኙ እንደ ሆነ፣ የጤና ጥያቄው ካለቀ በኋላ ስለ ሰውነቱ አንድ ቃል ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። የከሳውን «ምን ነካህ?» ይሉታል፤ የወፈረውን ደግሞ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ብለው ያሞግሱታል። ቀድሞ ውፍረት የጥጋብና የምቾት ምልክት ሆኖ ይቆጠር ስለ ነበር ይህ አነጋገር ከመልካም ልብ የሚወጣ ነው። ዛሬ ግን በተለይ በከተማ አስተያየቱ ተለውጧል። የወፈረ ሰው፣ ይልቁንም ሴት የሆነች እንደ ሆነ፣ «አፏን መግዛት ያቃታት፣ ከመቀመጫዋ መነሣት የማትወድ» እየተባለች በቤትም በመሥሪያ ቤትም ትታማለች።

ሙገሳውም ሆነ ሐሜቱ አንዳንድ ጊዜ ከእውነቱ እጅግ ይርቃል። ፊቷ የሞላው ከምቾት ሳይሆን ከሕመም የተነሣ፣ እንቅልፍ የሚያበዛት ስንፍና ሳይሆን የደም ጉድለት ወይም የዕጢ ድካም የሆነባት ሴት በየሰፈሩ አለች። ምግቧን ቀንሳ፣ ስኳር ትታ፣ በእግሯ እየሄደች ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲላት የሚያምናት ሰው አታገኝም። ለዚህ ዐይነቱ ችግር ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም ነው። እንግዲህ ይህ ሕመም ምን እንደ ሆነ፣ ከክብደት ጋር ያለው ግንኙነት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱም ምን ሊያደርግና ምን ሊያደርግ እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ለታመመውም ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

ትንሿ ዕጢና ትልቁ ሥራዋ

ይህች ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የአየር ቧንቧውን አቅፋ የተቀመጠች ናት። ቅርጿ ክንፎቿን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል፤ የጐልማሳ ሰው ዕጢ ክብደት በአማካይ 20 ግራም ያህል ነው። በስሟ ባናውቃት ስታብጥ ሁላችንም እናውቃታለን፤ እንቅርት የምንለው የእርሷው እብጠት ነውና። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ነገሩ በአገራችን ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ይመሰክራል።

የዕጢዋ ሥራ ከምግብና ከጨው የሚገኘውን አዮዲን ከደም እየሰበሰበች ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን መሥራት ነው። ሆርሞን ማለት በአንድ ዕጢ ተሠርቶ በደም አማካይነት ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ታይሮክሲን የሚያደርሰውም ትእዛዝ ሰውነት የበላውን በምን ፍጥነት እንዲያቃጥል፣ ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፣ አንጀትም እንዴት እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ነው። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለች ሌላ ዕጢ ደግሞ የታይሮይድ አለቃ ናት። በደም ውስጥ ታይሮክሲን ያነሰ እንደ ሆነ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን አብዝታ በመላክ «ሥሪ፣ ሥሪ» ብላ ታስጨንቃታለች። ሐኪሞች በደም ምርመራ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. በዝቶ ታይሮክሲን አንሶ ከተገኘ ዕጢዋ መድከሟ ይታወቃል።

ዕጢዋ በደከመች ጊዜ ሰውነት እንጨት እንደ ተቀነሰለት ምድጃ ይቀዘቅዛል። ታማሚው ሌላው ሰው በሚሞቀው ቤት ጋቢ ይደርባል። ድካም ይጫነዋል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ድምፁ ይጐረንናል፤ የዐይኑ ቆብ ያብጣል፤ ነገር ይረሳል፤ ሆዱም ይባባል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሊበዛ ወይም ሊዛባ ይችላል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ግን እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የዕድሜ፣ የሥራ ብዛት ወይም የሐሳብ ነገር መምሰሉ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ለዓመታት ሳይመረመሩ ይቆያሉ።

ለዕጢዋ መድከም ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር የሚበዛው ምክንያት የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ዕጢውን እንደ ባዕድ ቈጥሮ ሲያጠቃው የሚመጣው ሕመም ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1912 ሐካሩ ሐሺሞቶ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ስለ ገለጹት በስማቸው ይጠራል። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ይይዛል። ዕጢዋ በቀዶ ጥገና የወጣችለት ሰውም መድኃኒቱ ያስፈልገዋል። የአዮዲን ማነስ ደግሞ ሌላው ምክንያት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሚሆናቸው ልጆች ውስጥ ከሢሶው የሚበልጡት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ እንቅርት ያለበት ሁሉ ዕጢው ደክሟል ማለት አይደለም፤ ዕጢው የደከመበትም ሁሉ እንቅርት አይታይበትም።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕጢዋ ስትደክም ሰውነት በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ስለሚቀንስ ክብደት መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሚጨምረው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንደሚገምተው ብዙ አይደለም። የአሜሪካ የታይሮይድ ሐኪሞች ማኅበር እንደሚያስረዳው ከዕጢዋ ድካም የተነሣ የሚመጣው ጭማሪ እንደ ሕመሙ ጽናት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከዚህም የሚበዛው ስብ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ጨውና ውኃ ነው። የፊትና የዐይን እብጠት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

በዴንማርክ አገር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሥራ ይህንኑ አረጋግጧል። ጥቂት ታማሚዎች መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊትና ከጀመሩ በኋላ ሰውነታቸው ተመርምሮ፣ በአማካይ ወደ 4 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት ቀነሱ። የስባቸው መጠን ግን አልተለወጠም፤ የወጣው ውኃው ነበር።

እንግዲህ 20 ወይም 30 ኪሎ ግራም የጨመረ ሰው ይህን ሁሉ በዕጢው ቢያሳብብ ትክክል አይሆንም። እንዲያውም ከወፈሩት ሰዎች የሚበዙት ዕጢያቸው ጤነኛ ናት። በሌላ ወገን ደግሞ የታመመውን ሰው «ምክንያት ታበዛለህ» ብሎ መንቀፍ ግፍ ነው። የደከመው፣ የቀዘቀዘውና ጡንቻው የሚያመው ሰው እንደ ጤነኛው ለመንቀሳቀስ አቅም የለውም። በመጀመሪያ ሕመሙ መታከም አለበት።

ከበግ ዕጢ እስከ ትንሿ ክኒን

ይህን ሕመም በጐልማሳ ሴቶች ላይ አይተው እ.ኤ.አ. በ1873 የጻፉት ሰር ዊልያም ገል የተባሉ የለንደን ሐኪም ናቸው። በዚያን ጊዜ ግን መድኃኒት አልነበረውም፤ የታመመው ሰው ቀስ በቀስ እያበጠና እየደነዘዘ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባሉ ወጣት ሐኪም በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የበግ ታይሮይድ ዕጢ ጨምቀው የ46 ዓመት ዕድሜ ያላትን አንዲት ታማሚ በመርፌ ወጓት። ሴትዮዋም እብጠቷ ጐደለ፤ አንደበቷም ተፈታ። ከዚያ በኋላ ጭማቂውን በአፏ እየወሰደች 28 ዓመት ያህል ኖራ በ74 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1919 ዐረፈች። ሐኪሟ እንደ ጻፉት ለእርሷ መድኃኒት የዋለው ዕጢ ከ870 በላይ ከሚሆኑ በጎች የተገኘ ነበር።

ከዚያም ኤድዋርድ ኬንደል የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1914 በፈረንጆች ገና ዕለት ታይሮክሲንን ከዕጢው ለይተው አወጡ፤ በ1927 ደግሞ የብሪታንያ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ መሥራት ቻሉ። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የተባለችው ትንሽ ክኒን የዚያን ሁሉ መንጋ ሥራ ትሠራለች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። መድኃኒቱ የጐደለውን ይተካል እንጂ ዕጢዋን አያድናትም። ስለዚህ ብዙዎቹ ታማሚዎች ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል፤ «ተሽሎኛል» ብሎ መተው ሕመሙን መልሶ መጥራት ነው።

ክኒኑና የጧት ቡና

ይህ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ መዋጥ ይገባዋል። ቡና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ስለሚቀንሰው፣ ጧት ስኒ ሳያነሣ ለማይነቃው አገራችን ሰው ይህ ታላቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም ክኒኑን ውጦ፣ ቡናው እስኪቈላና እስኪፈላ ቢጠብቅ ጊዜው ራሱ ይሞላለታል። የደም ማነስ መድኃኒት የሆነውን የብረት ክኒንና የካልሲየም ክኒንን ግን በ4 ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ጧት የማይመቸው ወይም በጾም ምክንያት ሰዓቱ የሚዛባበት ሰው ሐኪሙን አማክሮ ማታ፣ እራት ከበላ ቢያንስ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊወስደው ይችላል። ዋናው ነገር በየቀኑ አንድ ሰዓት ጠብቆ መውሰድ ነው።

መጠኑንም የሚወስነው ሐኪም ነው። ለሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ላለባቸው በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ተረጋግቶ ውጤቱ እስኪለካ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥቶ «አልሠራልኝም» ማለት ተገቢ አይደለም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ታማሚ ሳትዘገይ ለሐኪሟ መንገር አለባት። የፅንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት በእናቱ ታይሮክሲን ስለሚያድግ በዚህ ጊዜ መጠኑ ብዙውን ጊዜ መጨመር አለበት።

ለማክሳት ተብሎ አይዋጥም

ገና በ1890ዎቹ የዕጢው ጭማቂ እንደ ተገኘ አንዳንዶች ለውፍረት መድኃኒት አድርገው ይጠቀሙበት ጀመር። ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ አልጠፋም። የጎረቤቷን ክኒን ለምና የምትውጥ፣ የታዘዘላትንም «ቶሎ ያከሳኛል» ብላ እጥፍ የምታደርግ አትጠፋም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ለውፍረት እንዳይሰጥ በጉልህ እንዲጻፍ አድርጓል። ዕጢው ጤነኛ የሆነ ሰው ከመጠን በላይ ቢወስደው ልቡ ያለ ሥርዓት ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ ያጣል። የወር አበባ የተቋረጠባቸው ሴቶች አጥንት ይሳሳል። የሚቀንሰውም ክብደት ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ያልቃል። እንደዚሁም በሐሺሞቶ ሕመም ዕጢው የደከመበት ሰው የአዮዲን ጠብታ ወይም ክኒን በራሱ ፈቃድ ቢጨምር ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። አዮዲን ያለበት ጨው በልክ ይበቃዋል።

ታዲያ ክብደቱ እንዴት ይቀንስ?

መድኃኒቱ ተስተካክሎ የደሙ ልክ ደኅና ከሆነ በኋላ ታማሚው ከጤነኛው ሰው ጋር እኩል መነሻ ላይ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የሁሉ ሰው መንገድ ነው፤ ረጅም ቢሆንም የተዘጋ አይደለም። በሻይ ውስጥ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ፣ በወጡ ላይ የሚፈሰውን ዘይትና ቅቤ በማንኪያ መለካት፣ ከእንጀራው አንሥቶ ምስሩንና አትክልቱን ማብዛት ይገባል። ጎመን ለታይሮይድ አይሆንም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ተቀቅሎ በልክ የሚበላ ጎመን አዮዲን ለማያንሰው ሰው አይጐዳም። እንቅስቃሴውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለጐልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ማለት ነው። ከሕመም የተነሣ ግን ጡንቻው ለደከመ ሰው በ10 ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ መጨመር ይሻለዋል።

ሚዛኑ ቢዘገይም መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ክኒኑ የሚሰጠው ለውበት ሳይሆን ለልብ፣ ለአንጎልና ለደም ነው። ጧት ያለ ጭንቀት መነሣት፣ ከጋቢ መላቀቅ፣ የረሱትን ስም ማስታወስ በሚዛን የማይለካ ትርፍ ነው። ቤተሰብም የታመመውን ሰው ምግብ ከመቍጠር አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይዞት ሄዶ ደሙን ቢያስመረምር የሚበልጥ ውለታ ይውልለታል። ምርመራው ዕጢዋ ጤነኛ መሆኗን ቢያሳይ እንኳ ሌላውን ምክንያት ለመፈለግ መንገድ ይከፍታል፤ ደክማ ብትገኝ ደግሞ መድኃኒት አለ። የሰውን ሕመም ስንፍና ብሎ መጥራት ግን ማንንም አክስቶ አያውቅም።