ጉብታው ቢቆረጥ አጥንቱ አይቃናም

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሰሜን ሸዋው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ አሸነፈ። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር። የቀረበለት ጫማ አልመች ብሎት ነው የተወው። በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ጫማ ጠላት አይደለም ማለት ነው፤ ዋናው ልኩ ነው።

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ተነስቶ ሯጭ ለመሆን የሚመኝ ወጣትም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በባዶ እግር ያደገ እግር ሰፋ ያለ ነው። ያገኘው መሮጫ ጫማ ጠባብ ከሆነ አውራ ጣቱን ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት ችግሩን ጫማ ከሚያደርጉት በ33 በመቶው፣ በባዶ እግር ከሚሄዱት ደግሞ በ2 በመቶ ያህሉ ላይ አግኝቶታል። ዘርም ድርሻ አለው። ባዶ እግር ይሻላል ማለታችን ግን አይደለም፤ የደጋ አፈር ዝሆኔ ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪሞች ቡኒየን የሚሉት ይህ ጉብታ ሲያዩት አጥንት የበቀለ ይመስላል። እንዲያው ግን አጥንቱ ቦታውን መልቀቁ ነው። ከአውራ ጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ሌላኛው እግር ያዘነብላል፣ ጣቱ በተቃራኒው ይጋደማል፣ መገናኛቸው ጎልቶ ይወጣል። በጤነኛ እግር በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ በታች ነው፤ የሚለካውም ቆሞ በሚነሳ ራጅ ነው።

ስለዚህ ጉብታውን ብቻ መላግ አያዛልቅም፤ ችግሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ረጅሙን አጥንት ቆርጦ ወደ ቦታው ያንሸራትተውና በብሎን ያስረዋል። ዝንባሌው ከበዛ ከሥሩ ያለውን መገጣጠሚያ አቃንቶ አንድ ያደርገዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አጥንቱ በራሱ ዙሪያ መጠምዘዙም ትኩረት አግኝቷል፤ ይህም ካልተስተካከለ ሥራው ይጎድላል።

አጥንቱ ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ወደ ሩጫ መመለስ ደግሞ ወራት ይጠይቃል። ሯጭ መሬቱን የሚገፋው በአውራ ጣቱ ስለሆነ መገጣጠሚያው ከደረቀ እርምጃው ይበላሻል። ለመልክ ብሎ ቢላዋ ሥር መግባት ታዲያ ምን ይባላል? ቀዶ ሕክምና ሰፊ ጫማና ማስታገሻ አልበቃ ሲሉ የሚመጣ ነው።

ሰዓት የምትይዙ አሰልጣኞች፣ እስቲ ልጆቹን ጫማ አስወልቃችሁ እግራቸውን እዩ። ጠባብ ጫማ ለመቀየር አንድ ቀን ይበቃል፤ የተንሸራተተ አጥንት ግን የውድድር ዘመን ይበላል።