ለዕድር በቀኑ፣ ለሙት ልጅ በሰበብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋተኛው ራሴ ነኝ፤ ነገር ግን የኔን ዓይነት ጥፋት ብዙዎች የሥራ ባልደረቦቼ ሳይታወቃቸው የሚሠሩት ስለ መሰለኝ፣ በዓምድዎ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለገና በዓል ከቢሮ ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሕፃናት በአንድ ግቢ ወደሚኖሩበት የክርስቲያን መኖሪያ ሄድን። በየቤቱ አንዲት አሳዳጊ እናት አለች፤ ስምንት ዘጠኝ ልጆች ከርሷ ጋር ይበላሉ፣ ማታ አብረው ይጸልያሉ፣ ታላቁ ታናሹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ተነካና ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ በየወሩ 600 ብር ልሰጥ ፈርሜ ተመለስሁ።

አምስት ወር ሳላጓድል ከፈልሁ። በስድስተኛው ወር የቤት ኪራይ ተጨመረብኝ፤ በሰባተኛው የዘመድ ሠርግ መጣ፤ በስምንተኛው ግን ምክንያት እንኳ አልነበረኝም፣ ረሳሁት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀ።

በሚከተለው ገና ብስኩትና ኳስ ይዤ እንደ ደግ ሰው ገባሁ። አሳዳጊዪቱ በክብር ተቀበለችኝ፤ ስለ ገንዘቡም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ልጁ ግን ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር ትነግረው ኖሮ፣ በመጨረሻው ገጽ የወሮቹን ስም ጽፎ በአምስቱ አጠገብ ምልክት አድርጓል፤ የቀሩት ባዶ ናቸው። «ጋሼ፣ አሞዎት ነበር እንዴ? ማታ ማታ ስንጸልይልዎ ነበር» አለኝ። እኔም አፍሬ «አዎን» አልሁት።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ የዕድር ደብተሬን ገልጬ ተመለከትሁ። በዚያው ዓመት አንድም ወር አልጎደለም! ለምን ቢሉ፣ ባስተጓጉል ቅጣት አለ፤ ጎረቤትም ይታዘበኛል፤ ነገ ሐዘን ቢደርስብኝ ድንኳን የሚተክልልኝ አጣለሁ። ሙት ልጅ ግን ዳኛም፣ ቅጣትም፣ ጡሩምባ ነፊም የለውም። ስለዚህ የርሱን ድርሻ ከሁሉ በፊት እናስቀራለን።

እንዲህ ያሉ መኖሪያዎች የሚቆሙት በዓመት በዓል ስጦታ አይደለም። እህል፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የአሳዳጊዪቱ ደመወዝ፣ ሁሉም በየወሩ ይከፈላል። በአዲስ አበባ የሚገኘውን ሰላም የሕፃናት መንደርን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ፀሐይ ሮሽሊ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ከስዊስ አሳዳጊ ወላጆቻቸው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. መሠረቱት፤ ከዚያም አልፎ ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት ኮሌጅ እስከ ማቋቋም ደረሰ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ርኅራኄ የሚሆን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ አበበች ጎበናም በረሃብ ዘመን ከወሎ ሁለት ልጆች ይዘው ሲመለሱ ባለጸጋ አልነበሩም፤ ነገር ግን የጀመሩትን አልተዉም።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ከልክሏል። እንግዲህ አሳዳጊያቸው እኛው ነን። ዘመድ ያለውን ልጅ በዘመዱ ቤት እንዳለ መርዳት የተሻለ መሆኑ አይካድም፤ ማንም የሌለው ግን በእንዲህ ያለው ቤት ከሚያሳድገው ሰው ጋር የኛን የወር ድርሻ ይጠብቃል።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምንችለውን ብቻ ቃል እንግባ፤ ከተቋረጠ 600 ብር ያልተቋረጠ 200 ብር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በየቢሮው ሦስት አራት ሆነን እንደ ዕቁብ አንድ ልጅ በጋራ እንያዝ፤ አንዱ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ወይም ቢታመም የቀሩት ይሸፍኑለታል። ገንዘቡም ደመወዝ በገባ ዕለት በባንክ በኩል ይላክ እንጂ ለወር መጨረሻ አይተው፤ ለወር መጨረሻ የተረፈው ሰው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ማቋረጥ ግድ ከሆነብን ሌላ ረዳት እንዲፈለግ አስቀድመን እንናገር። በዝምታ መቅረት አባቱ አንድ ጊዜ የሞተበትን ልጅ ዳግመኛ እንደ መተው ነው።

እኔ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ይህንኑ አድርጌ፣ ያጎደልሁትንም በየጥቂቱ ከፍያለሁ። ባለፈው ገና ልጁን ለብቻው ጠርቼ፣ «ያን ጊዜ አላመመኝም ነበር፤ ረስቼህ ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና፣ «እንኳን አላመመዎት» አለኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ