በፐቡ ቦታ አፓርታማ፦ የእንግሊዝ ሰፈሮች የማያልቅ ሙግት

በእንግሊዝ አገር የሰፈር መጠጥ ቤት፣ በአገሬው አጠራር ፐብ፣ ፈርሶ አፓርታማ ይሠራበት የሚል ማመልከቻ ለወረዳ ምክር ቤት ሲቀርብ ከጭቅጭቁ ሁሉ በስተጀርባ ያለው የመሬት ዋጋ ነው። በለንደን አንድ ቦታ በፐብነቱ የሚያወጣው ገንዘብና ዐሥር አባወራ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የሚያወጣው ገንዘብ ጨርሶ አይገናኝም። ደህና ገበያ ያለው ፐብ እንኳ ለባለቤቱ ፈርሶ የበለጠ ያወጣለታል።

ሁኔታውን ያባባሰው የባለቤትነት ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት ትልልቆቹ የቢራ ጠማቂዎች ሊይዙት የሚችሉትን የፐብ ብዛት ሲገድብ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፐቦች ቢራ ወደማይጠምቁ ባለንብረት ኩባንያዎች እጅ ገቡ። ከፐቦቹ አንዳንዶቹ በብድር የተገዙ ስለነበሩ ዕዳው ሲከብድ ቤቶቹ ለሽያጭ ወጡ። የሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራና በፐብ ውስጥ ማጨስን የከለከለው የ2007ቱ ሕግም ለፐቦች መመናመን ድርሻ አላቸው። በ2000 ከ60,000 በላይ የነበሩት የብሪታንያ ፐቦች ከሃያ ዓመት በኋላ ከ50,000 በታች ወርደዋል።

ምክር ቤት ፊት የሚቀርበው ዋናው መከራከሪያ «ቤቱ አያዋጣም» የሚል ነው። ተቃዋሚዎች ደግሞ እንዳያዋጣ ያደረገው ባለቤቱ ራሱ ነው ይላሉ፦ ኪራዩን ያስወድዳል፣ የሚያፈስ ጣሪያ አያስጠግንም፣ ከዚያ ባዶ ወንበር ቆጥሮ ያቀርባል። የከተማዋ የልማት መመሪያ የሆነው የ2021 የለንደን ፕላን ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ባለቤቱ ቤቱ አያዋጣም ከማለቱ በፊት በገለልተኛ ገማች በተተመነ ዋጋ ቢያንስ ለ24 ወራት በፐብነቱ ለገበያ ማቅረቡን እንዲያሳይ ይጠብቅበታል። በሌላ በኩል ከተማዋ የመኖሪያ ቤት እጥረት ያለባት መሆኑም እውነት ነው። የማፍረሱን ዕቅድ ተቃውመው ፊርማ ከሚያሰባስቡት መካከልም ከፐቡ ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ፣ የሚያስጨንቃቸው የመኪና ማቆሚያና የመስኮታቸው ብርሃን የሆነ ሰዎች አይጠፉም።

የጉዳዩ ዋና ምሳሌ በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ካርልተን ታቨርን ነው። ቤቱ በ1920ና 1921 ቻሪንግተን ለተባለው ጠማቂ የተሠራ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ በመንገዱ ካሉት ሕንፃዎች ብቻውን እንደ ተረፈ ይነገርለታል። ባለቤቱ ኩባንያ በአፓርታማ ሊተካው አመልክቶ በ2015 መጀመሪያ የዌስትሚንስተር ምክር ቤት ከለከለው። የቅርስ ባለሥልጣኑም ሕንፃውን በቅርስነት ለማስመዝገብ ቀናት ቀርተውት ነበር። በሚያዝያ 2015፣ ከፋሲካ በዓል ቀጥሎ፣ ኤክስካቫተር ገብቶ ቤቱን ያለ ፈቃድ አፈራረሰው። ምክር ቤቱም ቤቱ እንደ ነበረው ተደርጎ መልሶ ይሠራ ሲል አዘዘ። ኩባንያው ይግባኝ ጠይቆ በ2016 ተረታ።

ትእዛዙ ወረቀት ላይ ያልቀረው አስቀድሞ በተሰበሰበ ማስረጃ ምክንያት ነው። የቅርስ ባለሙያዎች ለምዝገባው ሲሉ ሕንፃውን በፎቶግራፍና በጽሑፍ መዝግበው፣ የግድግዳውን ሰቆች ቅርጽ በጀሶ አስቀርተው ነበር። ቤቱ ከፍርስራሹ የዳኑ ጡቦች ተጨምረውበት እንደገና ተሠርቶ በሚያዝያ 2021 ተከፈተ። ይህ ዓይነቱ ውጤት ብርቅ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ በእጁ የሌለው ምክር ቤት ቢሆን ኖሮ «እንደ ነበረው» የሚለውን ማን ይለካው ነበር?

ሕጉ የተጠናከረው ዘግይቶ ነው። በ2017 እንግሊዝ ውስጥ ማንኛውም ፐብ ያለ ፕላን ፈቃድ እንዳይፈርስ ወይም ወደ ሱቅ እንዳይለወጥ ተደረገ። ቀደም ብሎ በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነዋሪዎች ፐባቸውን «የማኅበረሰብ ጠቃሚ ሀብት» አድርገው እንዲያስመዘግቡ ፈቅዷል። ባለቤቱ ሊሸጥ ሲል ማሳወቅ አለበት፤ ነዋሪዎች ፍላጎት ካሳዩ ገንዘብ የሚያፈላልጉበት ስድስት ወር ያገኛሉ። እንዲሸጥላቸው ግን አይገደድም። በደቡብ ለንደን ነንሄድ የሚገኘው አይቪ ሃውስ በ2012 በአገሪቱ መጀመሪያ የተመዘገበ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ከ370 በላይ ባለአክሲዮኖች ያሉት የነዋሪዎች ማኅበር በ810,000 ፓውንድ ገዝቶታል። ገንዘቡ የተሟላው በብድርና በድጋፍ ጭምር ነው፤ አክሲዮን ብቻውን በለንደን ዋጋ ሩቅ አያስኬድም።

ሕጉ የሚደፈርበት ጊዜም አለ። በስታፎርድሺር በማዕድን ቁፋሮ ምክንያት ወደ ጎን በማዘንበሉ የታወቀው ክሩክድ ሃውስ የተባለው ፐብ በነሐሴ 2023 ተቃጠለ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ፈረሰ። በ2024 የአካባቢው ምክር ቤት ቤቱ መልሶ እንዲሠራ ትእዛዝ ሰጥቷል።

ብዙ ጊዜ ሙግቱ የሚቋጨው በስምምነት ነው፦ ፐቡ ምድር ቤቱን ይዞ አፓርታማው ከላይ ይሠራል። በፕላኑ ላይ ሲታይ ሁሉም ይስማማል። ነገር ግን የጓሮው መቀመጫ ይወሰዳል፣ የቢራ በርሜል የሚቀመጥበት ምድር ስር ይጠባል፣ የወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ በአዲሱ ተከራይ መስኮት ስር ያልፋል። ከዚያ የድምፅ አቤቱታ ይመጣል። ከ2018 ጀምሮ ብሔራዊው የፕላን መመሪያ የድምፅ መከላከያውን ወጪ አዲስ የመጣው አልሚ እንዲሸፍን ይላል። ይህ ግን የሚሠራው ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ሰዎች ከገቡ በኋላ በሚቀርብ አቤቱታ ምክር ቤቱ በ1990 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሠረት የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ፐቡ ቀድሞ እዚያ መኖሩም ከዚህ አያድነውም።