ርካሽ አየር መንገዶች የአልኮል መጠጥ የማያቀርቡት ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ፦ ከየካ ክፍለ ከተማ ጉርድ ሾላ እስከ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መንገድ አጭር ነው። ወደ ዓረብ ሀገራት ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች፣ ከገጠር ሊሸኟቸው ከመጡ ወላጆቻቸው ጋር፣ በየዕለቱ ይህን መሰሉን መንገድ ያልፋሉ። ሻንጣቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ይይዛል። አልፎ አልፎም በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ አረቄ በልብስ ተጠቅልሎ ይገባል፤ በሰው ሀገር ላለ ዘመድ የሀገር ቤት ማስታወሻ እንዲሆን ታስቦ ነው።

ተጓዡ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ ቢራ ሲጠይቅ ደግሞ አስተናጋጇ “አናቀርብም” ትለው ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “ትኬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው” ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ከፊል እውነት ቢኖረውም ዋናውን ምክንያት ይስታል። ዋናውን ምክንያት ማወቅ ደግሞ ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው።

ርካሽ አየር መንገድ የሚባለው የትኬቱን ዋጋ ለመቀነስ ሲል በነጻ የሚሰጠውን አገልግሎት ያሳነሰ ድርጅት ነው። ምግብ፣ መጠጥና ተጨማሪ ሻንጣ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። በዚህ አሠራር ቢራና ወይን ወጪ ሳይሆኑ ገቢ ናቸው። የአየርላንዱ ራያንኤርን የመሰሉ የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች መጠጥ በበረራ ላይ እየሸጡ ያተርፋሉ። ስለዚህ መጠጥ አለማቅረብ በቁጠባ ብቻ ሊገለጽ አይችልም።

ዋናው ምክንያት አየር መንገዱ የተመሠረተበት ሀገር ሕግና እምነት ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሆኑት በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የሚገኙት ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ ሻርጃና ዱባይ ናቸው። ሻርጃ እ.አ.አ ከ1985 ጀምሮ የአልኮል መጠጥን ከልክላለች። እ.አ.አ በ2003 መብረር የጀመረውና መቀመጫውን በዚያ ያደረገው ርካሹ ኤር አረቢያም አልኮል አያቀርብም። ዱባይ ግን በፈቃድ መሸጥን ትፈቅዳለች፤ እ.አ.አ በ2009 መብረር የጀመረው የዱባዩ ርካሽ አየር መንገድ ፍላይዱባይ ለተሳፋሪዎቹ አልኮል ያቀርባል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ሀገር ናቸው። የለያቸው የየኤሚሬታቸው ሕግ ነው።

የሳዑዲ ዓረቢያው ፍላይናስና የኩዌቱ ጃዚራ ኤርዌይስም በተመሳሳይ ምክንያት አልኮል አያቀርቡም። ነገሩ በርካሾቹ ብቻ እንደማይወሰን የሚያሳየው ደግሞ ሙሉ አገልግሎት የሚሰጡት ሳዑዲያ፣ ኩዌት ኤርዌይስና ሮያል ብሩናይ ጭምር አልኮል የማያቀርቡ መሆናቸው ነው። በሕንድ በሀገር ውስጥ በረራዎች ላይ አልኮል ማቅረብ አልተፈቀደም። በአንጻሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓለም አቀፍ በረራዎቹ ወይንና ቢራ ያቀርባል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥርዓትና ጊዜ ነው። ርካሽ አየር መንገድ የሚያተርፈው አንዱን አውሮፕላን በቀን ብዙ ጊዜ በማብረር ነው። አንዳንዶቹ አርፎ እንደገና እስኪነሣ የሚሰጡት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። አንድ የሰከረ ተሳፋሪ ጠብ አንሥቶ አውሮፕላኑ ባልታሰበ ቦታ ለማረፍ ቢገደድ የዚያ ቀን በረራዎች በሙሉ ይዛነፋሉ። የአሜሪካው ሳውዝዌስት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያቋረጠውን የመጠጥ አገልግሎት ሊመልስ ሲዘጋጅ፣ እ.አ.አ በግንቦት 2021 አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በተሳፋሪ ተደብድባ ጥርሷ ወለቀ። ድርጅቱም ዕቅዱን አራዘመ፤ መጠጥ ማቅረብ የጀመረው እ.አ.አ በየካቲት 2022 ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ጤና ነው። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በተሳፋሪዎች ክፍል ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ በመደበኛ በረራ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 438 ሜትር ላይ ካለው ግፊት እንዲያንስ አይፈቀድም። ይህ ለጉርድ ሾላ ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሆነው የእንጦጦ ተራራ አየርማ ከዚያም የሳሳ ነው። እንደ መተማና ሑመራ ካለ ቆላ ለሚነሣ ሰው ወይም በጅዳ የባሕር ዳርቻ ዓመታት ኖሮ ለሚመለስ ተጓዥ ግን ለውጡ ትልቅ ነው።

በዚህ ላይ መጠጥ ሲጨመር የሚሆነውን በጀርመን የኤሮስፔስ ማዕከል የሚገኙ ተመራማሪዎች በ48 ጤናማ ሰዎች ላይ አጥንተው እ.አ.አ በ2024 ይፋ አድርገዋል። በ2 ሺህ 438 ሜትር ከፍታ ልክ ግፊቱ በተቀነሰ ክፍል ውስጥ ሳይጠጡ የተኙት ሰዎች የደም ኦክስጅን መጠን 88 በመቶ ገደማ ነበር። ጠጥተው ሲተኙ ወደ 85 በመቶ ወረደ፤ የልብ ምታቸውም በደቂቃ ከ73 ወደ 88 ገደማ ከፍ አለ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ አስጠንቅቀዋል።

ለተጓዡና ለቤተሰቡ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር ከአስተናጋጇ ጋሪ ይልቅ ሻንጣውን ይመለከታል። መጠጥን ከአውሮፕላኑ ያስቀረው ሕግ ተጓዡ በሚያርፍበት ሀገርም ይጠብቀዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.አ.አ ከ1952፣ ኩዌት ደግሞ ከ1964 ጀምሮ የአልኮል መጠጥን ከልክለዋል። በሻንጣው አረቄ የተገኘበት ሠራተኛ እስራት፣ የገንዘብ ቅጣትና ወደ ሀገር መባረር ሊደርስበት ይችላል። “እናቴ ለወንድሜ የላከችው ነው” የሚለው እውነት በጉምሩክ ፊት ማምለጫ አይሆንም። ለጉዞው ብድር ለገባ ወይም በሬ ለሸጠ ቤተሰብ ጉዳቱ ከአንድ ጠርሙስ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አልኮል ማስገባት ወደሚፈቀድባቸው ሀገራት ለሚሄድ ሰውም የአቪዬሽን ደንብ አለ። የአልኮል መጠኑ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ ፈጽሞ አይጫንም። ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነው ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ለገበያ በቀረበበት እሽግ ውስጥ እንዳለ መሆን አለበት። በቤት ወጥቶ በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ አረቄ ይህን መስፈርት አያሟላም። መፍላቱን ያላቆመ ጠጅ ወይም ጠላ ደግሞ ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን አፈንድቶ የሰው ልብስ ሊያበላሽ ይችላል። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ራስ የያዙትን መጠጥ በበረራ ላይ ከፍቶ መጠጣትም ክልክል ነው።

ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚኬድበትንም የሚታለፍበትንም ሀገር ሕግ መጠየቅ፣ ሻንጣም ከመዘጋቱ በፊት ዘመድ አዝማድ የላከውን ዕቃ አንድ በአንድ ፈትሾ ማየት ይገባል። ሌላ ሰው አስሮ የሰጠውን ጥቅል ሳይፈቱ ተቀብሎ መሳፈር፣ በውስጡ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋል።