ገደል ላይ የሚቀር ቡሎን

እኛ የሥነ ምድር ተማሪዎች ስለ ዓለት ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ማዕድን ነው፣ ወይ የከርሰ ምድር ውኃ፣ ወይ የግድብና የመንገድ መሠረት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማንሣት የፈለግሁት ከእነዚህ ወጣ ያለ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች ለስፖርት ብለው ቀጥ ያለ ገደል ይወጣሉ፤ ዓለቱን በትራፓኖ በስተው ቡሎን ይተክላሉ፤ የከፈቱትን መስመር ሥለውና ጽፈው ለማያውቁት ሰው ያስተላልፋሉ። እንደ ጨዋታ ከታየ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ የማይታወቅ ሰው ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደተከለው፣ ምን ዓይነት ድንጋይ ላይ እንደተከለው በማያውቀው ብረት ላይ ሕይወቱን ያንጠለጥላል። ስለዚህ አዲስ መስመር የሚከፍት ሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ ይወስናል ማለት ይቻላል። የጽሑፌ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ወጪው ገመዱን ወገቡ ላይ ካለው ቀበቶ ጋር ያስራል፤ ጓደኛው ከታች ሆኖ ገመዱን እየለቀቀ ይጠብቀዋል። ገደሉ ላይ በየሁለት ሦስት ሜትሩ ቡሎን ተተክሏል፤ በቡሎኑ ጫፍ ቀዳዳ ያለው ብረት (ጆሮ እንበለው) በዳዶ ታስሯል። ወጪው እዚያ ሲደርስ ካራቢነር የሚባለውን የሚከፈትና የሚዘጋ ቀለበት በጆሮው ላይ ያንጠለጥልና ገመዱን በውስጡ ያሳልፋል። ከመጨረሻው ቡሎን ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ቢወድቅ ቢያንስ አራት ሜትር ይወርዳል፤ የገመዱ መለጠጥ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ ብረቱ የተተከለው ለሚወድቅ ሰው ነው እንጂ ለመርገጫ አይደለም። ጀርመናዊው ኩርት አልበርት እ.ኤ.አ. በ1975 በሰሜን ባቫሪያ ፍራንከንዩራ በሚባለው የኖራ ድንጋይ አገር፣ ብረት ሳይዝና ሳይረግጥ በወጣው መስመር ሥር ቀይ ነጥብ መቀባት ጀመረ። ዛሬም አንድን መስመር ሳይወድቁና ብረት ሳይዙ መጨረስ በዚያው «ቀይ ነጥብ» በሚል ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መስመር የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ገደሉን በዓይኑ ያነባል፤ ስንጥቁ የት ነው፣ ውኃ የሚወርድበት ጥቁር ምልክት የት ነው፣ የላላ ድንጋይ አለ ወይ? ከዚያ ሁለት አካሄድ አለ። አንደኛው ከታች እየወጡ መትከል ነው፤ ይሄ ነርቭ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከላይ በገመድ ወርዶ የላላውን እያስወገዱ፣ ቦታውን እየለኩ መትከል ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ስሚዝ ሮክ በሚባለው ቦታ አለን ዋትስ የተባለ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛውን አካሄድ ሲይዝ ብዙ የአገሩ ወጪዎች እንደ ማጭበርበር ቆጥረውት ነበር። ቦታው ግን ተፍ ነው፤ ላዩ ይፈረፈራል። ተፍ መስክ ላይ በመዶሻ የመታ የኛ ተማሪ ሰውየው ለምን መጥረግ እንዳስፈለገው ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ቀጥሎ መዶሻ ይመጣል። እናቶቻችን ገበያ ላይ ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጡ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ዓለቱ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ከጀርባው ባዶ ነው፤ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ቡሎኑ ከጠርዝና ከስንጥቅ ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። የሁለተኛውና የሦስተኛው ቡሎን ቦታ በተለይ ይታሰብበታል፤ ምክንያቱም ወጪው ገመዱን ስቦ ሊያሳልፍ ሲል እጁ ቢያመልጠው መሬት የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ረጅም ሰው ለራሱ ቁመት ብቻ ለክቶ ከተከለ ደግሞ አጭሯ ወጪ አስቸጋሪው ቦታ ላይ ትቀራለች። ይህን የመሰለውን ነገር ከታች የሚያየው የለም፤ የሚታወቀው እዚያው ተንጠልጥለው ነው።

ከዚያ ይበሳል። ቡሎኑ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በባትሪ በሚሠራ ትራፓኖ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ በእጅ ፑንታና በመዶሻ ግን ጠንካራ ግራናይት ላይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። አቧራው በብሩሽ ይጠረጋል፣ ይነፋል፣ እንደገና ይጠረጋል። አሰልቺ ቢመስልም ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሙጫው ዓለቱን ትቶ አቧራውን ከያዘ ቡሎኑ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፣ ሲጫኑት ይነቀላል።

ስለ ሙጫ ካነሣሁ ዘንድ፣ ቡሎኖቹ ሁለት ዋና ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ እንደምንተክለው ፊሸር ያለ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ የውስጡ ሾጣጣ ወደ ኋላ ይሳብና ዙሪያውን ያለውን ብረት ገፍቶ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ግራናይትና ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ይህን ግፊት ይችላሉ። ለስላሳ አሸዋ ድንጋይ ላይ ግን ግፊቱ ራሱ ቀዳዳውን ሊያሰፋው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ረዘም ያለ ብረት በሙጫ መትከል ይሻላል፤ ጭነቱን በቀዳዳው ርዝመት ሁሉ ያከፋፍለዋል። ኢኤን 959 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ አንድ ቡሎን ወደ ጎን ሲሳብ 25 ኪሎኒውተን እንዲችል ይጠይቃል፤ ሁለት ቶን ተኩል አካባቢ ማለት ነው። ቁጥሩ ያስደስታል። ታዲያ የሚፈተነው ኮንክሪት ላይ እኮ ነው! በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ኃይል ገደሉ ላይ ላለው አሸዋ ድንጋይ ዋስትና አይሆንም።

ዝገትም አለ። ሁለት ዓይነት ብረት፣ ለምሳሌ ዚንክ የተቀባ ጆሮ ከማይዝግ ቡሎን ጋር፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ከተጋጠሙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። በደቡብ ታይላንድ የባሕር ዳር ገደሎች ላይ «አይዝግም» የተባለው ብረት ሳይቀር በአጭር ጊዜ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ ወደ ቲታኒየም ዞረዋል።

አሸዋ ድንጋይን በሚመለከት እስካሁን ካነበብሁት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያገኘሁት ከጀርመን ሳክሶኒ፣ ድሬስደን አጠገብ ካለው የኤልበ ወንዝ ሸለቆ ነው። እዚያ ማማ ማማ የሚመስሉ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች አሉ። ሩዶልፍ ፌርማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መምሪያ ውስጥ የተጻፉት ደንቦች ዋና ሐሳባቸው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቀለበት የሚተክለው መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ነው፤ የሚተክለውም ከታች እየወጣ ነው። በቀለበቶቹ መካከል ስንጥቅ ውስጥ የሚሸጎጥ ብረት ክልክል ነው፤ በምትኩ የተቋጠረ ገመድ ያስገባሉ። እጅ እንዳይንሸራተት የሚቀባው ነጭ ዱቄትም አይፈቀድም። ዓለቱ ሲረጥብ ደግሞ አይወጣም። የመጨረሻው ደንብ ምክንያቱ ለኛ ግልጽ ነው፤ የአሸዋውን ቅንጣት ያያያዘው ሲሚንቶ፣ በተለይ ሸክላነት ካለው፣ ውኃ ሲጠጣ ይላላል፤ ደረቅ ሲሆን ሰው የሚችለው ጫፍ ሲረጥብ ይገመሳል። በየዓምዱ አናት ላይ የወጣ ሰው ስሙንና ቀኑን የሚያሰፍርበት መዝገብ ይቀመጣል። ደንቡ ከባድ ነው የሚሉ አይጠፉም፤ ቀለበቶቹ ስለሚራራቁ በእርግጥ ያስፈራል። ያም ሆኖ ዓለቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተወጥቶበት አሁንም ይወጣበታል።

በተቃራኒው በደቡብ አሜሪካ ፓታጎንያ ያለውን ሴሮ ቶሬ እንመልከት። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማዬስትሪ እ.ኤ.አ. በ1970 በነዳጅ የሚሠራ ኮምፕረሰር ገደሉ ላይ አውጥቶ በመቶ የሚቆጠሩ ቡሎኖች ተከለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ሁለት ወጣት ወጪዎች ከመቶ የሚበልጡትን ነቀሉ። ግማሹ አመሰገናቸው፣ ግማሹ ረገማቸው። ማንም ትክክል ይሁን፣ ብረት ይነቀላል እንጂ ቀዳዳው አይነቀልም።

ወደ ማካፈሉ ስንመጣ፣ የከፈተው ሰው መስመሩን ስም ያወጣለታል፣ የክብደት ደረጃ ይገምትለታል (በፈረንሳዮቹ አቆጣጠር 6ኤ፣ 7ቢ እያሉ)፣ ገደሉን ሥሎ መስመሩን ያሰምርበታል። ደረጃው ግምት ነው፤ ሌሎች ወጥተው ያስተካክሉታል። ስሙም ቢሆን ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ብዙ አይጎዳም። ርዝመቱ ግን ቀልድ አይወድም። 60 ሜትር ገመድ የያዘ ሰው ተጎትቶ ሊወርድ የሚችለው 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ገመዱ ወጥቶ ይመለሳል። መስመሩ 35 ሜትር ሆኖ ሥዕሉ ላይ 30 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከታች ያለው ሰው የገመዱን ጫፍ ካልቋጠረ ጫፉ ከእጁ ያመልጣል፤ ጓደኛው ይወድቃል። እንደዚህ ያለ አደጋ በየአገሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥዕል የመስመሩን ርዝመት፣ የቡሎኑን ብዛት፣ የብረቱን ዓይነትና የተተከለበትን ዓመት፣ መውረጃውን ጭምር ይይዛል። የተተከለበትን ዓመት ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ከምንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? ገርዓልታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ከጓደኞቿ ጋር መጥታ የትግራይን የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ወጥታለች፤ በ2008ም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትማለች። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጎብኚው ተቋረጠ እንጂ ገደሉን የማየት ፍላጎት የሚጠፋ አይደለም። ደግሞም ገደል መውጣት ለዚያ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በጠፍር ነው፤ አቡነ የማታ ጉኅን የሚሳለም ሰው ጫማውን አውልቆ በብዙ ትውልድ እግርና እጅ በለሰለሱ ጉድጓዶች ይወጣል።

እንደ እኔ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ዓምድ ላይ አንድም ቡሎን መተከል የለበትም። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ዴቭልስ ታወር ለአገሬው ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ቦታ ስለሆነ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ወጪዎች በየዓመቱ በሰኔ ወር በፈቃዳቸው እንዳይወጡ ይጠየቃሉ፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው ያከብረዋል። ሌሎቹ ገደሎች ላይ ደግሞ መጀመሪያ ካህናቱና የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ ከተፈቀደም ከታች እየወጡ፣ በቁጥር አነስተኛ፣ በሙጫ የሚያዝ ረጅም ብረት ይሁን። ሥዕሉም በትግርኛ ተጽፎ አንዱ ቅጂ እዚያው ይቀመጥ። የውጭ ሰው አገሩ ይዞት ከሄደ ቡሎኑ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚያውቅ አይኖርም።

ከዚያ በፊት ግን የኛ ድርሻ የሆነ ሥራ አለ። የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይ ከተለያየ ከፍታ ናሙና ወስዶ፣ ግማሹን ደረቅ፣ ግማሹን ውኃ ውስጥ ነክሮ የመጨመቅ ጥንካሬውን ማነጻጸር ይቻላል። ቀጥሎ በወደቀ ቋጥኝ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ቡሎን ተክሎ እስኪነቀል መሳብ ነው፤ ቋጥኙ አስቀድሞ የወደቀ ስለሆነ ገደሉ አይነካም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣ ተማሪ ካለ ይህን ቢይዘው አንድ ሴሚስተር ይበቃዋል።